እያጠባን ፊደል የቆጠርንበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ ከተማ ባለው ቤቴ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሳነብ፣ የልጅ ልጄ ሰሚራ አራስ ልጇን ታቅፋ ከጎኔ ነበረች። ሕፃኑ ተኝቷልም ነቅቷልም አይባልም፤ ፊቱን ወደ ደረቷ ያዞራል፣ ጭብጡን ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከንፈሩን ያጮኻል። ሰሚራ ግን ልጁን ትታ የምታየው ስልኳን ነው።

«ርቦታል እኮ» አልኳት።

«ገና ነው እማማ፤ አርባ ደቂቃ ይቀረዋል።»

«የሚቀረው ለማን ነው? ለልጁ ነው ለስልኩ?»

ሳቀች፤ ግን አልሰጠችውም። ሰሚራ ጅዳ ቆይታ ነው የመጣችው። እዚያ የማዳምን ልጆች ስታሳድግ ጡጦው በሰዓት ይሞላል፣ በሰዓት ይሰጣል፣ በሰዓት ይታጠባል። ያንን የለመደ እጇን ይዛ መጥታ የራሷን ጡት በስልክ ደወል ታስተዳድረው ጀመር። «ለማዳም ልጅ የሠራ ለኔ ልጅ ለምን አይሠራም?» አለችኝ፤ ክርክር አትፈራም፣ በዚህ በዚህ እኔን ነው የምትመስለው። «ጡጦውን ባይጠጡት ዱቄቱ ቆርቆሮው ውስጥ ይቆይልሻል። ያንቺን ግን ካልሳቡት ይሄዳል። ወተት የሚመጣው ወተት ሲወጣ ነው» አልኳት። ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችና ልጁን አስጠጋችው። ጎረሰ። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አደረገው፣ ከዚያ ረጋ ብሎ መዋጥ ጀመረ፤ ሲውጥ የጉሮሮው ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። መጽሐፌን አጠፍኩ። እኔ ያንን ድምፅ ስሰማ እዚህ አልቆይም፤ ወደዚያ ኮረብታ፣ ወደዚያ ዋርካ ነው የምሄደው።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እከራከራለሁ እንጂ አልነግራችሁም። መሬት ላራሹ ተብሎ ርስቱ በአዲስ ገመድ ከተለካ በኋላ ነው። በደሴና በወልድያ መንገድ ጎረምሳ የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ሲያልፉ፣ ሴቱ ከማሳ ጫፍ ቆሞ ሻሽ የሚያውለበልብበት ጊዜ ነው። መንደራችን አምባሰል ውስጥ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ስትሄዱ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ነበረች። ኮንጎ ጫማ የገባልን ያኔ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው እግር የሚያቃጥል፣ የላስቲኩ ሽታ እስከ ቤት የሚከተል። ቢሆንም አዲሱን ኮንጎ ያደረገች ሴት ገበያ መሀል ስትሄድ እግሯን ከፍ አድርጋ ነበር የምትረግጥ። ሻሹ ናይሎን ነው፤ አረንጓዴው ለልጃገረድ፣ ቡናማው ላገባች። በስሙኒ የሚገዛው ላምባ ኩራዙን ለብዙ ቀን ያበራ ነበር። ውጫሌ ገበያ ዳር ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሰልፍ ዘፈን ያሰማል፤ የእኛ ሴቶች ግን እንጨት ሲለቅሙ በዚያው በአምባሰል ቅኝት የሄደባቸውን ወንድ ያንጎራጉራሉ። ሁለቱ ዜማዎች መንገድ ላይ ይገናኙና አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ይተላለፋሉ። የልጆቼ አባትም ከነዚያ መኪኖች በአንዱ ሄደ። እኔ ከእናቱ ከእማ ሐዋ ጋር ቀረሁ፤ ሆዴም ገፍቶ ነበር።

ኑሩ ተወለደ። የሰሚራ አባት ማለት ነው። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ሹፌሩ ወደ ሌላው ጎን ጋደል ይላል፤ ያኔ ግን ስትይዙት ክብደቱ የጨርቁ ይሁን የሱ የማይለይ፣ ትንሽዬ ልጅ ነበር። አራስነቴ እንዳለቀ መሠረተ ትምህርት ተጀመረ። አዋቂ ሁሉ ፊደል ይቁጠር ተባለ፤ የሴቶቹ ሰዓት ከምሳ በኋላ፣ ቦታው ከገበሬ ማኅበሩ መጋዘን አጠገብ ያለው ዋርካ ሥር። ሌሎቹ እያጉረመረሙ ሄዱ። እኔ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ነው የሄድኩት። ልጅ ሆኜ ወንድሞቼ ቁርአን ሲቀሩ፣ ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ እኔ ከግድግዳው በዚህ በኩል እህል እያበጠርኩ በጆሮዬ ስከተል ነው ያደግሁት። ጽሑፍ ማለት ለኔ በድምፅ የማውቀው፣ በዓይኔ ያላየሁት ዘመድ ነበር። መምህርታችን ብርሃኔ፣ ከደሴ የመጣች ጸጉሯን ወደ ኋላ የምታሲዝ ወጣት፣ የመጀመሪያውን ቀን «ሀ» ብላ በኖራ ስትጽፍ ዓይኔን አልነቀልኩም። አንዷ «ምን ታፈጣለች ይቺ፣ ሊበላት የመጣ መሰላት?» ብላ አሳቀችብኝ።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሕፃን ይዞ መምጣት ክልክል ነው ብሏል። ልጅ ያለቅሳል፣ ትምህርት ይረበሻል። ጥሩ ልብ ያለው ሰው ነው፤ ነገር ግን ሥልጣን ለሰጠው ሰው ሁሉ ሥርዓት ማሳየት ይወድ ነበር። ስለዚህ ኑሩን ሳልሄድ አጥብቼ ለእማ ሐዋ እሰጥና እሮጣለሁ፤ ስመለስ ደግሞ አጠባለሁ። እንዲህ ሲሉት ቀላል ይመስላል። የማይቀለው መመለሱ ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን ከፀሐይ የገባች እናት ዝም ብላ አታጠባም። ፀሐይ የመታው ጡት ልጁን ያሳምመዋል ይባላል። እማ ሐዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከግድግዳው ሥር ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ወተት አልቤ መሬት ላይ አፈሳለሁ፤ ጡቴን በቀዝቃዛ ውኃ እታጠባለሁ፤ ላቤ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ እቀመጣለሁ። እስከዚያ ልጁ ሲያለቅስ ቆይቶ ደክሞት ይተኛል። እኔ በሌለሁበት ደግሞ እንዳያለቅስ ብላ የአብሽ ውኃ በጣቷ ታስልሰዋለች፤ ሆዱ በውኃ ይሞላል። ጎረቤት ሁሉ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጸባየኛ ልጅ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» ይለኛል። እኔም ጸባየኛ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጡቴም እየለሰለሰ መጣ፤ ያ ቀሚሴን የሚያረጥበው ወተት ቀረ። ሰዉም «ወተቷ ትንሽ ነው፣ አንዳንዷ እንዲህ ነች» ማለት ጀመረ።

በገበያ ቀን ውጫሌ ክሊኒክ ወሰድኩት። ጤና ረዳቷ ረዘም ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ነበረች። ከጣሪያው ወጋግራ በተንጠለጠለው ሚዛን፣ እንደ ከረጢት በተሰፋ ጨርቅ ውስጥ አስቀመጠችው። መርፌው ንቅንቅ ብሎ ቆመ። እኔ የሚዛን ቁጥር አላነብም ነበር፤ ፊቷን ነው ያነበብኩት።

«በቀን ስንት ጊዜ ታጠቢዋለሽ?»

«ጠዋት፣ ከመሄዴ በፊት፣ ስመጣ፣ ማታ።»

«ሌሊትስ?»

«አይነሳም፤ ጸባየኛ ነው።»

«ጸባየኛ አይደለም፤ አቅም አጥቶ ነው የሚተኛው። ልጅ ሲያንስ እንቅልፍ ያበዛል፤ አንቺ ቀስቅሰሽ ነው የምታጠቢው።»

«ወተቴ ትንሽ ነው ይላሉ።»

«ላምሽን ለሁለት ቀን ሳታልቢያት ብትቀሪስ?»

«ትነጥፋለቻ።»

«እንግዲያስ።» ልጁን መልሳ አስታቀፈችኝና ቁጭ ብላ በዝግታ ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ልጁ በጠየቀ ቁጥር ስጪው። ቀንና ሌሊት ተደምሮ ከስምንት ጊዜ አይነስ፤ አሥርም አሥራ ሁለትም ቢል አይብዛብሽ። ልቅሶ አትጠብቂ፤ አፉን ሲያዞር፣ እጁን ሲጠባ፣ ያን ጊዜ ርቦታል። አንዱን ጡት ራሱ እስኪለቀው ተይው፣ ከዚያ ሌላውን አቅርቢለት። ውኃም፣ አብሽም፣ ቅቤም አይቅመስ። ሽንት ጨርቁ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከራሰ፣ ሲውጥም ከተሰማሽ፣ እየደረሰው ነው። ቀጠለችና «በሁለተኛው ገበያ አምጪው። ካልጨመረ ደሴ ሆስፒታል ነው የምልክሽ» አለች።

«ትምህርቴስ?» አልኳት። አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም።

አየችኝ። «የትምህርቱን እኔ አላውቅም፤ ልጁ ግን አይጠብቅሽም።»

ከውጫሌ ወደ ቤት የሄድኩትን መንገድ እግሬ ነው የሚያውቀው። ልጄን በጀርባዬ አዝያለሁ፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው። የገበያተኛው አህያ፣ የጨው አሞሌው፣ የሻይ ቤቱ ሬዲዮን፣ ሁሉ አጠገቤ ያልፋል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። «መ» ላይ ደርሰናል። ትምህርቱን ብተው ተመልሼ የምገባበት በር አይታየኝም፤ ልጅ ልጅን እየተካ፣ ማሳው እየጠራኝ፣ ከግድግዳው በዚህ በኩል እቀራለሁ። ልጄን ባጣ ደግሞ ፊደሉ ምን ያደርግልኛል? ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነበረብኝ፤ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ለእማ ሐዋ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፀሐዩ ግን አልተከራከርኳትም። ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ አንዱን ከአጨዳ ገብታ በላብ እንዳለች አጥብታው ነው የሞተው ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ ታምን ነበር። እንዲህ ካለ ሐዘን ጋር ክርክር አይገጠምም። እንዲህ ብቻ አልኳት፦ «እማ፣ እዚያ ግድግዳ ሥር የማፈሰው የሱ ምሳ ነው።» መቁጠሪያዋን በጣቷ እያንከባለለች ቆየች። ከዚያ ኑሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፊቷ ፈካ አለ።

«ስሚ» አለች። «ፀሐይ ክፉ የምትሆነው እናቲቱን ለብቻ ስትመታ ነው። እሷ ሞቃ፣ እሱ ቀዝቅዞ ሲገናኙ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ይዘሽው ከሄድሽ ግን ፀሐዩ ሁለታችሁንም ያገኛችኋል። ላንቺ እንግዳ ያልሆነ ለሱም እንግዳ አይሆንበትም። ከዋርካው ሥር ደግሞ ጥላ ነው። አበቃ!»

እማ ሐዋን ሳስባት የምኮራው በዚህ ነው። የእናቶቿን ወግ አልጣሰችም፤ ከዚያው ከወጉ ውስጥ ለልጅ ልጇ በር ከፈተችለት። እኔ ስንት መጽሐፍ አንብቤ እንዲህ ያለ ዘዴ አላገኘሁም።

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን፤ እሷ ጥላ ይዛ፣ እኔ ልጅና የምጽፍበትን ጣውላ ይዤ። ሊቀመንበሩ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ አየን።

«እማ ሐዋ፣ አንቱ ደግሞ ምን አመጣዎት? ሕፃን ክልክል ነው ተብሏል። ይህ ትምህርት ቤት ነው እንጂ የጥጃ ጋጥ አይደለም!»

«አንተ የዘይነባ ልጅ» አለች እማ ሐዋ፣ ጥላዋን ሳታጥፍ። «እናትህ እሸት ስትጠብቅ የት ነበር የምታጠባህ?»

«ኧረ እማ ሐዋ፣ አሁን ይሄ…»

«ማማ ላይ! በአንድ እጇ ወንጭፍ፣ በአንድ እጇ አንተ። ዝንጀሮውም ተባረረ፣ አንተም ጠገብክ። እሷ ሁለቱን ሥራ ከቻለች ይቺ ለምን ያቅታታል? መጥባት የልጁ ሐቅ ነው፤ አላህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰጥቶታል። አንተ የምትነሳው በየትኛው ስብሰባ ተወስኖ ነው?»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ «ማማ ላይ ነው ያደገው? ለካ ለዚህ ነው እንዲህ የሚጮኸው!» አለች። ዋርካው ሥር ያለው ሴት ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ግን ከዳው። «እንግዲህ አንድ ቀን እንየው» ብሎ ወደ መጋዘኑ ገባ። ስለዚያች አንድ ቀን ከዚያ በኋላ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

በሳምንቱ የሚያጠቡት ሁሉ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ብርሃኔ ያላገባች ልጅ ናት፤ መጀመሪያ ላይ አንዷ ጡቷን ስታወጣ እሷ ወደ ሰሌዳው ትዞር ነበር። ቆይታ ግን ከሁላችንም በላይ ገባት። «ስታጠቡ የሚያዘው እጃችሁ ነው፤ ዓይናችሁና ጆሯችሁ ምን ሆነና?» አለችና ትምህርቱን እንደ ልጆቹ አደረገችው። ሲጠቡ እናነባለን፤ ሲተኙ እንጽፋለን። አንዱ ሲነቃ ሌላው ስለሚነቃ አንዳንድ ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ብቻ ይሆናል። «መ፣ ሙ፣ ሚ» ስንል ልጆቹ ድምፁ ደስ ይላቸው ይሁን እንጃ፣ ጡቱን ይዘው ዓይናቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ። የፈራነው ረብሻ አልመጣም፤ ልጅ የሚያለቅሰው ሲከለከል ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚከለክለው አልነበረም። እኔ መተኛቱን የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም። ኑሩ ግራ ጡቴን ሲይዝ ቀኝ እጄ ነጻ ነው፤ ጣውላውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ወደ ቀኙ ሲዞር አነባለሁ። እናም አንዱን ጡት እስኪጨርስ ሳልነጥቀው፣ ሁለቱንም ትምህርት አገኝ ነበር።

ወተቴ ተመለሰ። በአንድ ቀን አይደለም፤ በየጊዜው ሲጎትተው፣ ሌሊትም እየቀሰቀስኩ ሳጠባው፣ ቀስ እያለ ሞላ። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነሳ ቀሚሴ ከፊት ለፊት ረጥቦ አገኘሁት። ሌላ ሴት ብትሆን ትለውጠው ነበር። እኔ ኩታዬን ሳልከናነብ፣ ያን እርጥብ ቀሚስ ለብሼ፣ ወተትሽ ትንሽ ነው ባሉኝ ጎረቤቶች ደጃፍ ሁሉ እየዞርኩ እሳት ለመንኩ። እማ ሐዋ አይታ «እሳቱ ቤታችን አለ አይደለም እንዴ?» አለችኝና ሳቋን ሻሿ ውስጥ ደበቀች። የአብሽ ውኃውንም ከዚያ ወዲያ እሷው ጠጣችው። በሁለተኛው ገበያ ልጁን ሚዛኑ ላይ ስናስቀምጠው ተቆጣ፣ እግሩን ወረወረ፣ ክሊኒኩን በጩኸት ሞላው። ጤና ረዳቷ «ይህ ነው እንግዲህ ጸባየኛ የሚባል» አለች። መርፌውን ያን ቀን ራሴ አየሁት፤ ቁጥር ተምረን ነበር። ከቀድሞው አልፎ ሄዷል። ደሴ መሄድ ቀረ።

በቅርቡ ጦርነት እዚህ ሐይቅ ድረስ በመጣ ጊዜ፣ ቤቴ ከተጠጉት ሴቶች አንዷ «በድንጋጤ ወተቴ ደረቀ፤ ዱቄት ወተት ከየት ላምጣ?» ብላ ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ «አልደረቀም፤ ቆሟል እንጂ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ አስጠጊው፣ ደግሞ አስጠጊው» አልኳት። ውጭ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነበር፤ እኛ ግን የልጁን ጉሮሮ ነበር የምናዳምጠው። በሦስተኛው ቀን ሲውጥ ሰማነው። መኪና የጫናቸው ጎረምሶች ዘፈን ተዘፈነላቸው፤ ለነሱም ይገባቸዋል። ልጅ ታቅፈው በየመንገዱ ዳር፣ በየዋርካው ሥር ተቀምጠው ትውልድ ያሻገሩ ሴቶች ግን ዘፈን የላቸውም። እኔ ዘፈን አላውቅም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

የፈተናው ቀን ከወረዳ አንድ ወንድ ፈታኝ መጣ። ዋርካው ሥር ተደርድረን፣ ግማሾቻችን እያጠባን ተፈተንን። ኑሩ ያኔ ጠና ብሎ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ክንዴን እስኪያደነዝዘው ይከብድ ነበር። ፈታኙ ከኋላዬ ቆመና የጻፍኩትን ብዙ ጊዜ አየው። ፊደሎቼ እያንዳንዳቸው የተለቀሙ ናቸው፤ ዛሬም «ሀ»ንና «ሐ»ን ያምታታ ሰው ከኔ አያመልጥም። መስመሩ ግን ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹ ቃላት ከወረቀቱ ሊወድቁ ደርሰዋል።

«እህቴ፣ ፊደሉ ሸጋ ነው፤ መስመሩን ግን ለምን ቀጥ አታደርጊውም?» አለኝ።

«ቀጥ ይል ነበር» አልኩት፣ ጽሑፌን ሳላቆም። «ልጁ ነዋ እየከበደ የመጣ።»